ጸሐፊዬን በስሟ ለመጠየቅ ጭማሪ እከፍላለሁ፤ ወንድሜ ግን አያውቅም

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሆነን ጣና ዳር ትንሽ የእንግዳ ማረፊያና አንዲት የሞተር ጀልባ እናስተዳድራለን። ሁለቱንም ያወረሰን አባታችን ነው። ጀልባውና ጥገናው የወንድሜ ነው። ስልኩ፣ ኢሜይሉና ዌብሳይቱ ደግሞ የእኔ።

እንግሊዝኛዬ እንግዳ ለማስተናገድ ይበቃል እንጂ ዌብሳይት ላይ ለመጻፍ አይሆንም። ስለዚህ በአንድ የውጭ ፕላትፎርም በኩል ለፍሪላንስ ጸሐፊዎች ትዕዛዝ እሰጣለሁ። አሜሪካ ያለችው የአክስታችን ልጅ በካርዷ ትከፍልልናለች፤ እኛ በደብተር እንይዝላታለን።

የመጀመሪያውን ትዕዛዝ የወሰደችው አንዲት ሴት ነበረች። አገራችንን አይታው አታውቅም። ግን አንድ መስመር ሳትጽፍ ጥያቄ አዥጎደጎደችብኝ። "ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት እንዳሉ አንብቤአለሁ፤ የትኞቹ ናቸው? ጀልባው ጥላ አለው? የገዳሙ መግቢያ በዋጋው ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው?" የጻፈችውን ሳነበው ቤታችንን መጥታ ያየችው መሰለኝ።

ቀጥሎ ያዘዝሁትን ግን ሌላ ሰው ወሰደው። "ጥንዶች ክብራን ገብርኤልን አብረው ይጎበኛሉ" ብሎ ጻፈ። ይህንኑ አንብበው አንድ ባልና ሚስት መጡ። ክብራን ስንደርስ ባልየው ወደ ላይ ወጣ፤ ሚስትየዋ ቀረች። ሴት አይገባም። አብሬያት ጀልባው ላይ ተቀመጥሁ። እሱ እስኪመለስ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ ሌላ ጸሐፊ ማመን አቃተኝ።

ፕላትፎርሙ አንድን ጸሐፊ በስም ለመጠየቅ ጭማሪ ያስከፍላል። 20 ዶላር የነበረው ጽሑፍ 28 ይገባል። እኔም ሁልጊዜ እሷን በስሟ እጠይቃለሁ። ለወንድሜ የነገርሁት ግን 20ውን ነው። ልዩነቱን ከዕቁቤ እያነሳሁ ለብቻ አስቀምጣለሁ። እሱ እንኳን ጭማሪውን፣ ዋናውንም የተቀበለው በግድ ነው። "እንግሊዝኛ እንግሊዝኛ ነው፣ ማንም ይጻፈው" ይላል። እንግዳ እንዲህ በቀነሰበት ጊዜ አልፈርድበትም።

አሁን የአክስታችን ልጅ ለፋሲካ ልትመጣ ነው። "ሦስታችንም ቁጭ ብለን ሒሳቡን እንዘጋለን" ብላለች። እሷ ጋ የተመዘገበው 28ቱ ነው። እንቅልፍ አጣሁ። ጓደኛዬ "ምን አስጨነቀሽ፣ ጸሐፊዋን ፌስቡክ ላይ ፈልጊያትና በቀጥታ ክፈያት" ትለኛለች። እሱም ከበደኝ። ሌላ ጸሐፊ ልሞክር ስል ደግሞ የከዳኋት ይመስለኛል። ገንዘብ እያባከንሁ ነው? ወንድሜንስ ምን ልበለው?

ስሜ ይቆየኝ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦

እህቴ፣ ዝርዝሩን ሳትሸሽጊ ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ የቸኮልሽበትን ልመልስልሽ። ገንዘብ እያባከንሽ አይመስለኝም። ለሁሉም ጽሑፍ እሷኑ መጠየቅ አለብሽ ብዬ ግን አላምንም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ጸሐፊን በስም ለመጠየቅ ጭማሪ ማስከፈል በዚህ ሥራ የተለመደ ነው። ጽሑፍ የሚያስጽፉ ፕላትፎርሞች ብዙውን ጊዜ ክፍት ትዕዛዝ የሚሉት አላቸው። ደረጃውን ያሟላ ጸሐፊ ሁሉ ያየዋል፣ ቀድሞ የወሰደው ይጽፈዋል። ዋጋው ዝቅ ይላል፣ ቶሎም ይደርሳል። ማን እንደሚደርስሽ ግን ዕጣ ነው። ከዚያ ደግሞ ቀጥታ ትዕዛዝ አለ። "ለእገሊት ይሰጥልኝ" የምትይበት ነው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ጭማሪው የት እንደሚሄድ ከድርጅት ድርጅት ይለያያል። ለምሳሌ ከጀርመን የተነሳው ቴክስትብሮከር ጸሐፊዎቹ የቀጥታ ትዕዛዝ ዋጋቸውን ራሳቸው እንዲወስኑ ያደርጋል። እንዲህ ባለ ቦታ ደንበኛው የበለጠ ሲከፍል ጸሐፊውም የበለጠ ያገኛል። የስም መጠየቂያውን ድርጅቱ ራሱ የሚያስቀርበት አሠራርም ይኖራል። የአንቺው ከየትኛው ነው? ለደንበኞች አገልግሎታቸው አንድ አጭር መልእክት ላኪና "ከ8 ዶላሩ ለጸሐፊዋ ስንት ይደርሳታል?" ብለሽ ጠይቂ። የከፈልሽው ለእሷ ድካም ከሆነ ልብሽ ያርፋል። ሙሉ በሙሉ ለድርጅቱ ከሆነም ማወቁ አይከፋም፤ ለወንድምሽ ስታስረጂ እውነተኛውን ነገር ይዘሽ ትቀርቢያለሽ።

ወደ ክብራን ልመለስ፤ የነገሩ ሁሉ መነሻ እሱ ነውና። ያ ጽሑፍ በእንግሊዝኛው ምንም ያልጎደለው ሊሆን ይችላል። ክብራን ገብርኤልም ዳጋ እስጢፋኖስም ሴት እንደማይገባባቸው፣ ዘጌ ላይ ያሉት ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ግን ለሴትም ለወንድም ክፍት እንደሆኑ አንቺ በልጅነትሽ ሰምተሽ ያደግሽው ነው። ሩቅ አገር ላለ ሰው ግን ሁሉም "የጣና ገዳማት" ናቸው። ጸሐፊሽን የለያት፣ ይህንን አለማወቋን ማወቋ ነው። ስላላወቀች ጠየቀች። 8 ዶላሩ የገዛልሽ ጥያቄዎቿን ነው። አንዲት እንግዳ ከሩቅ አገር መጥታ ባሏ ከገዳሙ እስኪመለስ ጀልባ ላይ ስትጠብቅ ያየ ሰው ይህ ዋጋ በዛ የሚል አይመስለኝም። አብረሻት መቀመጥሽን ደግሞ ወድጄልሻለሁ። ዝም ብትልም ብቻዋን አልተውሻትም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ዓረፍተ ነገር ዛሬም ዌብሳይታችሁ ላይ አለ? ካለ ይህን ደብዳቤ ሳትጨርሺ ሄደሽ አስተካክዪው። ሌላው ሁሉ ይደርሳል። ደግሞስ ጽሑፉ ሲመጣ፣ ከመለጠፉ በፊት ያነበበው ማን ነበር? ልወቅስሽ ብዬ አይደለም። ጸሐፊ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ጣናን የሚያውቅ ሰው ዓይን ሳያርፍበት የሚለጠፍ ጽሑፍ ያስፈራኛል። አብዛኞቹ ፕላትፎርሞች ሥራውን "ተቀብያለሁ" ከማለትሽ በፊት ማስተካከያ እንድትጠይቂ ይፈቅዳሉ። ይህ ደግሞ በነጻ ነው።

ከጭማሪው ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። የቤታችሁ እውቀት አሁን ያለው አንዲት በአካል የማታውቂያት ሴት ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ነገ ሥራ ብትቀይር፣ ብትታመም፣ ወይም ዋጋዋን ብታስወድድ ምን ይውጥሻል? የጠየቀችሽ ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው መልእክት ሳጥንሽ ውስጥ አሉ አይደል? አውጪያቸው። አንድ ወይም ሁለት ገጽ አድርገሽ በአማርኛ ጻፊያቸው፣ ከዚያ በምትችዪው እንግሊዝኛ ተርጉሚያቸው። ማማር የለበትም፤ ትክክል ይሁን እንጂ። ሴት የሚገባበትና የማይገባበት ገዳም ለይተሽ ጻፊ። የመግቢያ ክፍያው በየገዳሙ ለብቻ እንደሚከፈል፣ ከጀልባው ዋጋ ጋር እንደማይደባለቅ ግለጪ። ጫማ እንደሚወልቅ፣ አለባበስ እንዴት እንደሚሆን ይግባበት። ታንኳ ከደንገል እንደሚሠራ ጻፊ፤ ያኔ ማንም "የእንጨት ጀልባ" ብሎ አይጽፍብሽም።

ጢስ ዓባይን አትርሺ። ክረምቱ ወጣ ሲል እያስገመገመ የሚወርደው ፏፏቴ በበጋ ይከሳል። ዝናቡ ያበቃል፣ ካለውም ውሃ ብዙው ወደ ኃይል ማመንጫው ሊዞር ይችላል። መስከረም ላይ የተነሳ ፎቶ አይቶ መጋቢት ላይ የመጣ እንግዳ ቢያኮርፍ አይፈረድበትም። ይህን አስቀድሞ የሚነግር ዌብሳይት ግን ይታመናል። በየትኛው ወር ምን ያህል ውሃ እንዳለ፣ ሐይቁ ላይ ነፋስ የሚነሳው ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ፣ እስከ ዘጌ ስንት ነዳጅ እንደሚፈጅ ከአንቺ ይልቅ ወንድምሽ ያውቃል። ስለዚህ ይህን ወረቀት ብቻሽን አትጻፊው።

ወረቀቱ ሲኖርሽ ምርጫሽ ይሰፋል። እንግዳው አምኖበት የሚመጣበትን ጽሑፍ፣ ማለትም የጉዞውን ገጽ፣ ዋጋውን፣ ለአስጎብኚ ድርጅቶች የምትልኪውን ደብዳቤ ለእሷ ስጪ። ለዚህ ጭማሪው ይገባዋል። ለእንቁጣጣሽ የሚለጠፍ የመልካም ምኞት መልእክት ወይም ስለ ቁርሳችሁ የሚጻፍ አጭር ነገር ግን በክፍት ትዕዛዝ ቢሄድ፣ ወረቀቱም ተያይዞ ቢላክ፣ ቢበላሽ እንኳ ማንንም ጀልባ ላይ አያስቀርም። አንቺ ታነቢዋለሽ፣ ታስተካክዪዋለሽ፣ አለቀ። እዚያው ባሕር ዳር ውስጥም ፈልጊ። ከዩኒቨርሲቲው በእንግሊዝኛ ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ልጆች አይጠፉም። ለአንዱ ወይም ለአንዷ አንድ ገጽ በክፍያ አስጽፊና እዪው። ጀልባው ላይ አሳፍረሽ ዘጌ ልትወስጃቸው መቻልሽ ብቻ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወንድምሽ። እውነት ለመናገር ስጋቱ አለቦታው አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ያኔ 8 ዶላር ማለት 460 ብር አካባቢ ነው። ዛሬ ከ1,000 ብር ያልፋል። እንግዳ በማይበዛበት ወር ይህ ለጀልባ ነዳጅ የሚታሰብ ብር ነው። ስለዚህ "ማንም ይጻፈው" ሲል ንቀት አድርገሽ አትውሰጂበት። እሱ የሚያየው ወጪውን ነው፤ ክብራን ወደብ ላይ የሆነውን ደግሞ በአንቺ ዓይን አላየውም። ለመሆኑ ስለዚያች ሴትዮ ነግረሽዋል? ደብዳቤሽ ውስጥ አላገኘሁትም።

ለምን እንደደበቅሽው ለራስሽ መልሺ። ይቆጣል ብለሽ ነው? ወይስ "ዌብሳይቱ የእኔ ክፍል ነው፣ ለምን ፈቃድ እጠይቃለሁ" የሚል ቅሬታ ውስጥሽ አለ? ሁለተኛው ከሆነ እሱም መነገር ያለበት ነው፤ ግን በሌላ ቀን። አንድ ላይ ከቀላቀልሽው ክርክር ይሆናል።

ንገሪው። ከፋሲካ በፊት፣ የአክስታችሁ ልጅ ከመድረሷ በፊት፣ ሳይቃጠል በቅጠል። በእሷ ፊት ቢሰማው የሚያመው ብሩ አይሆንም፤ ከእህቱ ሳይሆን ከሌላ ሰው መስማቱ ነው። እሷን ደግሞ "28ቱን አታንሺበት" ብለሽ አትለምኛት። ያኔ አንድ የነበረው ድብቅ ነገር ሁለት ይሆናል፤ እሷንም ከወንድምሽ ጋር ታቀያይሚያታለሽ።

ወደቡ ላይ ሠራተኛ ባለበት አይሁን። ሞተር እየፈታም ከሆነ ተይው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ተፈልቶ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ይሻላል። ደብተሩንና ለብቻ ያስቀመጥሽውን ገንዘብ ይዘሽ ተቀመጪ። ማስረጃና ምክንያት ከማብዛትሽ በፊት ነገሩን ራሱን በዪ። እንዲህ ልትዪው ትችያለሽ፦ "ወንድምዬ፣ አንድ የደበቅሁህ ነገር አለ። ለጽሑፍ 20 ዶላር ነው ያልሁህ፤ የምንከፍለው ግን 28 ነው። ልዩነቱን ከዕቁቤ አስቀምጫለሁ፣ ይኸው። እምቢ ትለኛለህ ብዬ ፈርቼ ነው።" ከዚያ ዝም በዪ። ይናገር። ቢቆጣም ይቆጣ። ቁጣው ሲበርድ ስለዚያች ሴትዮ ንገሪው፤ አብረሻት የተቀመጥሽበትን ሰዓት እንዳለ ንገሪው። የሱንም ሥራ ማንሳት ትችያለሽ። የጀልባውን ሞተር መንገድ ላይ ላገኘው መካኒክ ሁሉ አይሰጥም፤ እጁን ለሚያውቀው ሰው ነው የሚሰጠው። ለምን እንደሆነ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። አንቺም ለጽሑፉ እንዲያ እንደምታስቢ ይገባዋል። በነገር ለመርታት ብለሽ ግን አታንሺው፤ ለማስረዳት ብቻ ይሁን።

ከዚያ ሁለታችሁ ገደብ አስቀምጡ። በወር ለጽሑፍ ይህን ያህል፣ ከዚህ ውስጥ በስም ለመጠየቅ ይህን ያህል ብላችሁ ተስማሙ። እሱ ያልተስማማበትን ካንቺ ኪስ መሸፈኑ ይቁም። የዕቁብሽ ብር የአንቺ ነው፤ የጋራ ሥራችሁን ወጪ በስውር መሸከም የለበትም። ምናልባት "ለሦስት ወር ሞክሪና እንይ" ይላል። ይበቃሻል። የሚመጡትን እንግዶች "እንዴት አገኛችሁን? የትኛውን ገጽ አነበባችሁ?" እያልሽ ጠይቂና በደብተር ያዢ። ከሦስት ወር በኋላ የምትነጋገሩበት ነገር ይኖራችኋል።

ስለ ጓደኛሽ ምክር። አስባልሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን አልመክርሽም። እንዲህ ያሉ ፕላትፎርሞች በእነሱ በኩል የተገናኙ ደንበኛና ጸሐፊ ከፕላትፎርሙ ውጭ በቀጥታ ክፍያ እንዳይፈጽሙ አጥብቀው ይከለክላሉ። በዓለም ከታወቁት አንዱ የሆነው አፕወርክ ይህን ክልከላ ለሁለት ዓመት ያጸናል፤ ከዚያ በፊት መውጣት ለሚፈልግ የመውጫ ክፍያ አለው። ሕጉ ሲጣስ ሁለታችሁም አካውንታችሁን ልታጡ ትችላላችሁ፤ የበለጠ የምትጎዳው ግን እሷ ናት፤ አንቺ ሌላ ፕላትፎርም ላይ አካውንት ትከፍቻለሽ። ኑሮዋ እዚያ ላይ ከሆነ 8 ዶላር ለመቆጠብ ይህን አደጋ አታምጪባት። ደግሞም ማንነቷን ፈልጋ ያልነገረችሽን ሰው ፌስቡክ ላይ ፈልጎ ማግኘት ሊያስደነግጣት ይችላል። የአንቺ ፕላትፎርም በሕግ የሚያስወጣ መንገድ ካለው ደንቡን አንብቢ። ካለውና እሷም ከፈለገች ያኔ ሒሳቡን ሠርተሽ ትወስኛለሽ።

የመጨረሻው ነገር ደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነው። "የከዳኋት ይመስለኛል" ብለሻል። ይህ ስሜት ከየት እንደመጣ የገባኝ ይመስለኛል። ቤትሽን አስባ፣ ጠይቃ የጻፈችልሽ የመጀመሪያዋ ሰው ናት። በዚያ ላይ ይህን ሁሉ ጊዜ ስለ ሥራሽ የምታዋይው ሰው እሷ ብቻ ሆናለች፤ ከወንድምሽ ጋር ስለ ዋጋው ስለማትነጋገሩ። ከእሱ ጋር ስትነጋገሩ ይህ ሸክም ራሱ የሚቀልልሽ ይመስለኛል። እሷ በበኩሏ ብዙ ደንበኞች ያሏት ባለሙያ ናት። ትዕዛዝ ቢቀንስባት ደስ አይላት ይሆናል፤ ክህደት ግን አትለውም። ጥሩ ከፍለሻታል፣ በአክብሮት ይዘሻታል። ያለብሽ ዕዳ የለም።

ብትጽፊላት ግን ደስ ይለኛል፤ በፕላትፎርሙ የመልእክት ሳጥን። ስለ ክብራኑ ጥያቄዋ አመስግኛት፤ ምን እንዳዳነሽ ላታውቅ ትችላለች። ከእንግዲህ ዋና ዋናዎቹን ገጾች ብቻ እንደምትሰጫት በግልጽ ንገሪያት። አንድ በአንድ ከማዘዝ ሦስት አራቱን ሰብሰብ አድርገሽ ብትልኪላት የስም መጠየቂያው የሚቀንስበት መንገድ ይኖር እንደሆነም ጠይቂያት። የፕላትፎርሙን አሠራር ካንቺ በላይ የምታውቀው እሷ ናት። መልሷን ይዘሽ እሁድ ከወንድምሽ ጋር ቁጭ በዪ።